አንድ የአክሰስ ፋይል ለብዙ ሰው፦ የቱን የአከፋፈት ሞድ ልምረጥ?

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጠርቶኝ ሄድኩ። ሽያጫቸውን የሚመዘግቡት በአክሰስ ነው፣ በማይክሮሶፍት የመረጃ ማስቀመጫ (ዳታቤዝ) ፕሮግራም። ረፋድ ላይ ነው፣ የድሬ ሙቀት ገና ሳይበረታ። ሦስት ኮምፒውተር አላቸው። ሁለቱ ካሸሮቹ ጋ፣ አንዱ ውስጥ ባለቤቱ ጋሼ ቢሮ። ካሸሮቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፣ ደንበኛ ቆሟል፣ አክሰስ ደግሞ ፋይሉን ሌላ ሰው ይዞታል ብሎ አልከፍት ብሏል። ቢሮ ስገባ ጋሼ የትናንቱን ሽያጭ እያዩ ነው። «አቦ፣ እኔ እኮ ምንም አልነካሁም፣ እያየሁ ነው እንጂ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ግን ሲከፍቱት ኦፕን ኤክስክሉሲቭ የሚለውን መርጠዋል፣ ፋይሉን ለአንድ ሰው ብቻ የሚከፍተውን። ማንም እንዳያበላሽባቸው ብለው። ሞዱን የሚወስነው የሚሠራው ሥራ ነው፤ ባለቤትም ይሁን ካሸር ለውጥ የለውም። ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ቤቱን ከውስጥ መቆለፍ የለበትም።

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመንካታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። ማን ይመዘግባል? ማን ያስተካክላል? ማን ያያል ብቻ? ሁለት ሰው አንድን ዕቃ እኩል የሚነካበት ጊዜ አለ ወይ? የመጨረሻዋን ጥያቄ በደንብ አስቡባት፣ ኋላ ደረጃ 3 ላይ የምንመለሰው ወደ እሷ ነው።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን ለሁለት ክፈሉት

መጀመሪያ ኮፒ አስቀምጡ። ከዚያ ዳታቤዝ ቱልስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አክሰስ ዳታቤዝ የሚለውን ተጫኑ። መረጃው ያለበት ፋይል አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሼር በተደረገ ፎልደር ይቀመጣል። ፎርሙ (መጻፊያው ቅጽ) እና ሪፖርቱ ያለበት ፋይል ደግሞ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ኮፒ ይሰጠዋል። ሁሉም ሰው አንድ ፎርም ፋይል ከኔትወርክ ላይ አይክፈት፣ የብዙ ችግር ምንጭ ይሄ ነው።

ፎልደሩ ላይ ሁሉም ተጠቃሚ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ፋይል መፍጠርና ማጥፋት እንዲችል ፍቀዱ። ምክንያቱም የመጀመሪያው ሰው ሲከፍት ከዳታቤዙ ጎን አንዲት ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ትፈጠራለች፣ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ደግሞ ትጠፋለች። ማን ምን እንደያዘ የሚታወቀው በእሷ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ሳትጠፋ ልትቀር ትችላለች። ያኔ ሁሉም ሰው መዝጋቱን አይታችሁ፣ ደግማችሁም አይታችሁ፣ አጥፏት።

በዋይፋይ አትሥሩ። ኬብል ዘርጉ። ሲጻፍ መሐል ግንኙነቱ ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። መረጃው ያለበት ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ይኑረው፣ ለዚህ ገንዘብ አትሰስቱ።

ደረጃ 2፦ በሼርድ እንዲከፈት አድርጉ

ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ክላየንት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ አድቫንስድ። ዲፎልት ኦፕን ሞድ የሚለውን ሼርድ (ብዙ ሰው አብሮ የሚከፍተው) አድርጉት። ይሄ ማስተካከያ የሚሠራው ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ በሦስቱም ላይ እየዞራችሁ አድርጉት። አንዱን ከረሳችሁ የሚያስቸግረው ያው የረሳችሁት ነው።

አክሰስ በአንዴ እስከ 255 ሰው ይቀበላል፣ የፋይሉ ጣሪያ ደግሞ 2 ጊጋባይት ነው። ሦስት ኮምፒውተር ላለው መደብር ሁለቱም ሩቅ ናቸው።

ደረጃ 3፦ አቆላለፉን ምረጡ

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። እዚያው አድቫንስድ ሥር ሦስት ምርጫ ታገኛላችሁ፦ ኖ ሎክስ፣ ኦል ሪከርድስ፣ ኤዲትድ ሪከርድ። ሪከርድ ማለት አንድ መዝገብ ነው፣ ለምሳሌ የሲሚንቶው።

ኖ ሎክስ ማለት ስታስተካክሉ ምንም አይቆለፍም ማለት ነው። ጥሩ ይመስላል። እስቲ ሲሚንቶውን እንይ። መዝገቡ ላይ 40 ኩንታል አለ። አንደኛዋ ካሸር 10 ሸጣ 30 ብላ ልትጽፍ ነው። ሁለተኛው በዚያችው ደቂቃ ያንኑ መዝገብ ከፍቶ 5 ሸጦ 35 ብሎ ይጽፋል። እሷ ቀድማ ሴቭ አደረገች። እሱ ሴቭ ሲል አንድ ሳጥን ይመጣበታል፦ ሴቭ ሪከርድ፣ ኮፒ ቱ ክሊፕቦርድ፣ ድሮፕ ቼንጅስ። ደንበኛ ፊቱ ቆሟል፣ ቸኩሏል፣ የመጀመሪያውን ይጫናል። አሁን መዝገቡ 35 ይላል። መጋዘን ውስጥ ያለው 25 ነው። 10 ኩንታል ሲሚንቶ ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ፣ ወር ሲያልቅ ደግሞ ምንም ያላጠፋ ሰው ይጠረጠራል።

ኦል ሪከርድስ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ሰው ፎርሙን እስከከፈተ ድረስ ቴብሉ (መዝገቦቹ ያሉበት ሰንጠረዥ) በሙሉ ይያዛል፣ ሌላው ማስተካከል አይችልም። ለዕለት ሽያጭ አይሆንም። ቆጠራ ላይ አንድ ሰው ብቻ ቁጥሩን ሁሉ ሲያስተካክል ይጠቅማል።

ኤዲትድ ሪከርድን ነው የምመክራችሁ። የሚቆለፈው እየተስተካከለ ያለው መዝገብ ብቻ ነው። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ አንድ መስመር እንደነበር የድሬ ሰው ያውቃል፤ አንዱ ባቡር ያን ክፍል እስኪለቅ ሌላው ጣቢያ ላይ ይጠብቃል። ልክ እንደዛ ነው። ሲሚንቶው ሲያዝ ሚስማሩና ቀለሙ ነፃ ናቸው።

ከሥሩ ኦፕን ዳታቤዝስ ባይ ዩዚንግ ሪከርድ ሌቭል ሎኪንግ የምትል ሳጥን አለች፣ ምልክት አድርጉባት። ካላደረጋችሁ መቆለፊያው ገጽ ሙሉ ይዞ ጎረቤት መዝገቦችንም ሊያስቀር ይችላል።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ልንገራችሁ። እዚህ የመረጣችሁት ከዚህ በኋላ ለምትሠሩት ፎርም ነው። ቀድሞ የተሠራው ፎርም የራሱን ምርጫ ይዞ ይቀጥላል። ፎርሙን በዲዛይን ቪው ክፈቱ፣ ፕሮፐርቲ ሺት ውስጥ ዳታ በሚለው ሥር ሪከርድ ሎክስ የሚለውን ኤዲትድ ሪከርድ አድርጉት። እኔ ራሴ ኦፕሽኑን ቀይሬ ምንም ለውጥ አጥቼ ግማሽ ቀን ያቃጠልኩት በዚህ ነው።

ካሸሮቹን ደግሞ አስተምሯቸው። መጻፍ ጀምሮ ምሳ የሄደ ሰው መዝገቡን ቆልፎ ነው የሄደው። ጽፈው ሲጨርሱ ሺፍትና ኢንተርን አብረው ይጫኑ፣ ይቀመጣል፣ ይለቃል።

ደረጃ 4፦ ለሚያይ ሰው የሚታይ ፎርም

ለጋሼ የሠራሁላቸው ቀላል ነው። የሽያጩን ፎርም ኮፒ አድርጌ፣ ፕሮፐርቲው ላይ ሪከርድሴት ታይፕ የሚለውን ስናፕሾት አደረግኩት። ያያሉ፣ ይፈልጋሉ፣ ያትማሉ፤ መቀየር አይችሉም፣ ካሸሮቹንም አይዙም። አንድ ነገር ብቻ፦ የሚያዩት ፎርሙን ሲከፍቱ የነበረውን ነው። አዲሱን ለማየት ዘግተው ይክፈቱት።

ኤክስክሉሲቭ ታዲያ መቼ ነው? ፋይሉን ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር ስታደርጉ (አጥብባችሁ ስትጠግኑት)፣ ፓስወርድ ስታስገቡ፣ የቴብል ዲዛይን ስትቀይሩ። ማታ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሁሉም ወጥቶ፣ ባክአፕ ተይዞ።

ከመሄዳችሁ በፊት ሞክሩት። አንዷ ካሸር ሲሚንቶውን ከፍታ አንድ ፊደል ትጻፍ። ከመዝገቡ በስተግራ ትንሽ እርሳስ ትወጣለች። ሌላው በራሱ ኮምፒውተር ያንኑ መዝገብ ይክፈትና ለመጻፍ ይሞክር። እሱ ጋ በእርሳሷ ቦታ የተሰረዘ ክብ ምልክት መውጣት አለበት። ካልወጣና ሁለቱም መጻፍ ከቻሉ የፎርሙ ሪከርድ ሎክስ አልተቀየረም ማለት ነው፣ ተመልሳችሁ እዩት።