ልጅዎ ኤፒ እንግሊዝኛ ሊጀምር ነው? ከክፍሉ ምን ይጠበቃል

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት ከፍተኛ የእንግሊዝኛ ክፍሎች መካከል በሰፊው የሚታወቁት ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጃቸው ሁለት የኤፒ (በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጡ የኮሌጅ ደረጃ) ትምህርቶች ናቸው። አንደኛው በአብዛኛው በ11ኛ ክፍል የሚወሰደውና በንግግሮች፣ በደብዳቤዎችና በጋዜጣ መጣጥፎች ላይ የሚያተኩረው የቋንቋና የድርሰት ትምህርት ሲሆን፣ ሌላው በ12ኛ ክፍል የሚከተለውና ግጥምን፣ ልብ ወለድንና ተውኔትን የሚመረምረው የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ልጆቻችን አስቀድመው የሚገቡበትም፣ እንዳየሁት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደነግጡበትም እርሱ ነውና።

የድንጋጤው ምክንያት ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛ ዕውቀት ማነስ አይደለም። እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ ያነበቡትን በትክክል አሳጥሮ መጻፍ ጥሩ ማርክ ያስገኝላቸው ነበር። ይህ ክፍል ግን ጸሐፊው ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደ ተናገረ፣ ለምን በዚያ መንገድ እንደ ተናገረና በአድማጩ ላይ ምን ለማድረስ እንደ ፈለገ ይጠይቃል።

የእኅቴ ልጅ ልዩነቱ የገባት በአንድ ቁጥር ነው። ባርነት ባስነሣው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበረው አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1863 በጌቲስበርግ የወታደሮች መቃብር ሲመረቅ ያደረገውን አጭር ንግግር እንዲተነትኑ ታዘው ነበር። ንግግሩ የሚጀምረው አባቶቻችን ከ87 ዓመት በፊት አዲስ አገር መሠረቱ በማለት ነው። እርሷም «ሊንከን ታሪክን በማንሳት የአድማጩን ስሜት ይስባል» ብላ ጻፈች፤ አስተማሪዋ ደግሞ ኅዳጉ ላይ «የትኛውን ታሪክ? ለምን?» ብላ መለሰችላት። ማታ ከራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተን ከ1863 ላይ 87 ስንቀንስ 1776 መጣ፤ የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ የወጣበት፣ ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል የተባለበት ዓመት ነው። ሊንከን የአገሪቱን ልደት ሕገ መንግሥቱ ከተረቀቀበት ከ1787 ጀምሮ ቢቆጥር ኖሮ፣ ቆጠራው የሚያርፈው ባርነትን ሳይከለክል ባለፈ ሰነድ ላይ ነበር። ቁጥሩ ለጌጥ የገባ ሳይሆን ራሱ ክርክር መሆኑን ስታይ ድርሰቷን እንደ ገና ጻፈች፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያጠረ ቢሆንም ያገኘችበት ነጥብ ከፍ ያለ ነበር።

ስለዚህ እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው ከልጅዎ ትምህርት አይራቁ። ሰምና ወርቅ መለየትን ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ልጅዎ ያነበበውን በአማርኛ እንዲነግርዎ ያድርጉና «ይህን ባይል ኖሮ ንግግሩ ምን ይጎድለው ነበር?» ብለው ይጠይቁት። ለእርስዎ በአማርኛ ማስረዳት የቻለውን ነገር በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ብዙ አይቸገርም።

ለክፍል ውይይትም ማርክ የሚሰጡ አስተማሪዎች አሉ። በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለው ያደጉ ልጆች እዚህ ላይ ሳያጠፉ ይጎዳሉ፤ ምክንያት አቅርቦ ከአስተማሪ ሐሳብ መለየት እንደ ድፍረት እንደማይቆጠር ከቤት ቢነገራቸው ትልቅ ሸክም ይቀልላቸዋል።

ፈተናው በግንቦት ወር አካባቢ፣ በፈረንጆቹ ሜይ፣ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይወስዳል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት 45 የምርጫ ጥያቄዎች ይመለሳሉ፤ እነዚህ የውጤቱን 45 በመቶ ይይዛሉ። የቀረው 55 በመቶ የሦስት ድርሰቶች ነው፤ እያንዳንዱም ከ6 ይታረማል፦ ግልጽ አቋም ለመያዝ 1፣ ለማስረጃና ማስረጃውን ለማብራራት እስከ 4፣ ለአስተሳሰብ ጥልቀት 1። ከነጥቡ አብዛኛው የተቀመጠው ማብራሪያው ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከሦስቱ አንዱ ድርሰት ከላይ እንዳየነው ያለ ትንተና ነው። በሌላው ስድስት ጽሑፎች ይቀርቡና ተማሪው ቢያንስ ሦስቱን ተጠቅሞ የራሱን አቋም ይከላከላል፤ የተለመደው ስሕተት የሦስቱን ጽሑፎች ማጠቃለያ ተራ በተራ ደርድሮ የራስን ሐሳብ መዘንጋት ነው። በሦስተኛው ግን ምንም ጽሑፍ ስለማይሰጥ ማስረጃው ሁሉ ከተማሪው ራስ ይመጣል። ልጆቻችን እዚህ ላይ ሀብታቸውን እንደሌለ ይቆጥሩታል። አራሚው የሚመለከተው ምሳሌው ከየት እንደ መጣ ሳይሆን ክርክሩን መደገፉን ነው፤ ስለዚህ የዐድዋን ጦርነት ወይም በሁለት ቋንቋ መሐል ማደግን በሚገባ የሚያውቅ ተማሪ፣ ጥያቄው ከፈቀደ፣ በግማሽ ከሚያውቀው የአሜሪካ ታሪክ ይልቅ እርሱን ቢጠቅስ ይሻለዋል።

ስለ ገንዘቡም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የፈተናው ክፍያ ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ሲሆን ምዝገባው ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በበልጉ ሳይሆን በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ፣ እስከ ኖቬምበር ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ቅናሽ ስላለ የትምህርት ቤቱን አማካሪ (ካውንስለሩን) መጠየቅ አያሳፍርም። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ተሰጥቶ በጁላይ ይወጣል፤ ብዙ ኮሌጆች 3 ወይም 4 ላመጣ ተማሪ ክሬዲት (ትምህርቱን በኮሌጅ እንደ ወሰደው የሚቆጠርለት) ቢሰጡም ደንባቸው ስለሚለያይ የእያንዳንዱን ማየት ያስፈልጋል።

በቅርቡ ከአገር ቤት ለመጣ ልጅ አንድ ዓመት መታገሥ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ የእኔ መለኪያ የጋዜጣ አስተያየት አንብቦ የጸሐፊውን አቋም ያለ መዝገበ ቃላት መለየት መቻሉ ነው። ኮሌጅ ቦርድ ያለፉትን ዓመታት የድርሰት ጥያቄዎች ከተማሪዎች መልስና መልሶቹ ካገኙት ነጥብ ጋር በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያወጣል። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙትን ሁለቱን ያትሙና ልጅዎ ልዩነታቸውን በአማርኛ እንዲያስረዳዎ ያድርጉ።