የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪዎችን በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ማሠልጠንና ማስታጠቅ ይቻላል?

ሥራው ከምርጫ ይጀምራል። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን «ሌሎችን ሊያስተምሩ ለሚችሉ ለታመኑ ሰዎች» አደራ ስጥ ብሎታልና (2ኛ ጢሞ. 2፥2) አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ሁሉ አስተማሪ ለማድረግ መቸኮል አይገባም። ሽማግሌዎች በቤት ለቤት ኅብረት ቃሉን በትጋት የሚያነቡትን፣ በኑሯቸው የተመሰከረላቸውንና እርማት የሚቀበሉትን አስቀድመው ይለዩ፤ ለአንድ አሠልጣኝ ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል።

ከዚያ ሥልጠናው በአንድ መጽሐፍ ላይ ይመሥረት። አራት ምዕራፍ ብቻ ያለው የፊልጵስዩስ መልእክት ለጀማሪዎች ይመቻል። ሠልጣኞቹ በመጀመሪያ የማብራሪያ መጽሐፍ ሳይገልጡ መልእክቱን ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ያንብቡ፤ ማን፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ ሆኖ እንደ ጻፈ ከራሱ ከምንባቡ እያወጡ በደብተራቸው ይመዝግቡ። ጳውሎስ በእስራት እንደ ነበረ ከ1፥13 ያስተዋለ ሠልጣኝ፣ ለንግድና ለፈተና ስኬት ዋስትና ተደርጎ ዘወትር የሚጠቀሰውን «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ቃል (4፥13) ከቁጥር 11 እና 12 ጋር ሲያነብ፣ ሐዋርያው የሚናገረው በጥጋብም በረሃብም ጸንቶ ስለ መኖር መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። አሠልጣኙ መልሱን ቀድሞ ባይናገር እጅግ ይሻላል፤ በራሱ ዐይን ዐውዱን ያየ ሰው ሌላ ጥቅስ ሲያነሳም ከላይና ከታች ያለውን ሳያነብ አያልፍምና።

ቀጥሎ እያንዳንዱ በባልንጀሮቹ ፊት ለ20 ደቂቃ ያስተምር። አድማጮቹ ዋናው ሐሳብ ከምንባቡ መውጣቱን፣ ማብራሪያው ማንበብ ለማይችል ምእመን ጭምር የሚገባ መሆኑን፣ የተሰጠው ምክር በሚመጣው ሳምንት ሊፈጸም መቻሉን ይመዝኑ። ከባድ ስሕተት ሲገኝ ግን ጵርስቅላና ባሏ አቂላ ሰባኪውን አጵሎስን ወደ እነርሱ ወስደው እንዳስረዱት (ሐዋ. 18፥26) እርማቱ ለብቻ ይሁን።

ለማስታጠቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የ1954ቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምና በ1993 ዓ.ም. የታተመውን አዲሱን መደበኛ ትርጉም ጎን ለጎን ማንበብ ብቻውን ብዙ ጥያቄ ያነሣል፤ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላትና ጥቂት ማብራሪያዎች በጋራ መደርደሪያ ቢቀመጡ ለሁሉም ይደርሳሉ። ለድምፅ ማጉያ በጀት የምትይዝ ቤተ ክርስቲያን ለእነዚህ መጻሕፍትም መያዝ አለባት።

በመጨረሻ ሠልጣኞቹ ልምድ ካለው አስተማሪ ጋር በአንድ የጥናት ቡድን ይመደቡ፤ በወር አንድ ጊዜም ያልመለሷቸውን ጥያቄዎች ይዘው ከአሠልጣኛቸው ጋር ይገናኙ። ሁለተኛው ዙር ሲከፈት ከመካከላቸው ሁለቱ ፊልጵስዩስን ለአዲሶቹ ያስጀምሩ፤ አሠልጣኙም ከኋላ ተቀምጦ ይከታተል።