ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ አፕ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይሄ ጽሑፍ ኮድ ለሚጽፉ፣ ዲዛይን ለሚሠሩና ገንዘብ ከፍለው ለሚያሠሩ ነው። አሁን የሌለ አፕ የለም። የባንክ፣ የታክሲ፣ የዴሊቨሪ፣ የትምህርት ቤት፣ የቲኬት፣ ጌምም ጭምር። ብዙዎቹን የሚሠሩት ጎበዝ ልጆች ናቸው። ግን ተጠቃሚውን የሚያማርሩት ነገሮች ከአንዱ አፕ ወደ ሌላው ያው ናቸው። ፎርሙም፣ የቀን መምረጫውም፣ ስም የሚያጣራው ኮድም ለሌላ አገር ሰው ታስቦ የተሠራ ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ) ነው፤ እኛ ጽሑፉን ወደ አማርኛ ቀይረን እናወጣዋለን። ማስላትና ማመሳከር የኮምፒውተር ሥራ ነው። ተጠቃሚው ላይ መጣል የለበትም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሶ መገላገል

ከቀን ልጀምር፣ በጣም የሚበዛው እሱ ስለሆነ። በእኛና በፈረንጆቹ ዓመተ ምሕረት መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ 8 አይደለም። ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመታቸውን እስኪቀይሩ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ፣ 7 ነው። ከዚያ እስከ ጳጉሜ ማብቂያ 8 ይሆናል።

ጳጉሜም ትረሳለች። 12 ወር ብቻ የሚዘረዝር የቀን መምረጫ አጋጥሞኛል፤ በጳጉሜ የተወለደ ሰው ልደቱን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ጳጉሜን ያስታወሱትም 5 ላይ ያቆሟታል። ጳጉሜ 6 በ4 ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ትመጣለች። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍላችሁ 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን አላት ማለት ነው። 2015 እንደዚያ ነበር፤ ለዚህ ነው የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው። ቀጣዩ 2019 ነው። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የተጻፈ ኮድ ያኔ ለወራት አንድ ቀን እየሳተ ይቆያል።

ከሁሉም የከፋው ግን «የትውልድ ዓመት» ብሎ ጠይቆ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አለመናገር ነው። ተጠቃሚው 1990 ብሎ ይሞላል፣ በእኛ ማለቱ ነው፣ ሰርቨሩ ደግሞ በፈረንጅ ተቀብሎ 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጀዋል። ሌላው ሰው ደግሞ ፓስፖርቱን አይቶ በፈረንጅ ይሞላል። አንዴ ሁለቱ በአንድ ዳታቤዝ ከተደባለቁ በኋላ ማን በየትኛው እንደሞላ የሚለይ የለም። የዕድሜ ገደብ ያለበት አገልግሎት ከሆነ ደግሞ ያልደረሰ ልጅ ያልፋል።

ይሄን ለማስተካከል ቀመሩን ከዜሮ መጻፍ አያስፈልግም። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው ኢንትል የሚባል የቀንና የቋንቋ መሣሪያ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል፣ የአፕሉ የፕሮግራም ቋንቋ ስዊፍትም ያውቃል፣ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪም ይዞታል። ዳታቤዙ ውስጥ በአንድ መልክ አስቀምጡ፣ ሰው ፊት ሲቀርብ ሁለቱንም አሳዩ፣ አጠገባቸው ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ። በቃ።

ሰዓትን ያለ ጠዋትና ማታ መላክ

«ቀጠሮዎ ነገ 9:00 ነው» የሚል ኤስኤምኤስ ይመጣል። ላኪው ጠዋት ማለቱ ነው። እናቴ ብታነበው ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ትሄዳለች፣ ልክም ናት። ስድስት ሰዓት አርፍዳ ስትደርስ ጥፋተኛው እሷ አይደለችም፣ መልእክቱን የጻፈው ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምንም አያስከፍልም። የበረራ ቲኬት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ሌሊት ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ብዙ ሰው ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ነው ብሎ ስለሚያስብ «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ሲባል ሰኞ ማታ የሚተኛበትን ሌሊት ይረዳል፤ በስልኩ አቆጣጠር ግን ያ ማክሰኞ ነው። ቋንቋችን መፍትሔውን ይዟል፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»። እንዲህ ከተጻፈ ማንም አይሳሳትም። ዘመድ አሜሪካ ላለው ተጠቃሚ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የዋሽንግተንና የአዲስ አበባ ልዩነት በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት መሆኑን አትርሱ። እነሱ ሰዓት ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም።

ስምን ለሁለት መክፈል

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ፎርሙ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» ብሎ ሲጠይቅ አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። ከዚያ የባንክ ሂሳቡ ላይ ያለውና አፑ ላይ ያለው ስም አልገጠመም ተብሎ ሰው ብሩን ማውጣት ያቅተዋል።

ቀጥሎ ኢሜይል ይመጣል። አልማዝ ከበደ የምትባለዋን ሴት «ውድ ወ/ሮ ከበደ» ይላታል። በአባቷ ስም ወይዘሮ አድርጎ መጥራት ለጆሮም ይከብዳል። ያገባች ሴት ስሟን እንደማትቀይርም የሚያውቅ አፕ ጥቂት ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ ይሄን በየጊዜው ያዩታል፦ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስቱም «የመጨረሻ ስማቸው» የተለያየ ነው፣ ስለዚህ በስም ተመሳሳይነት ቤተሰብ የሚለይ ሲስተም አያምናቸውም። ሦስት ሳጥን አድርጉ፣ ወይም አንድ ረጅም ሳጥን። ሰውን ሰላም ስትሉ በራሱ ስም ጥሩት፦ «ወ/ሮ አልማዝ»።

እዝባር ላይ ያለው ችግርም ቀላል አይደለም። ገ/መድህን፣ ወ/ማርያም፣ ኃ/ሚካኤል ብሎ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ! አፑ ግን «የማይፈቀድ ምልክት ተጠቅመዋል» ብሎ በቀይ ይመልሰዋል። ሰውየው መታወቂያው ላይ ያለውን ስሙን ነው የጻፈው። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ፊደሉ ስሙ ስህተት ነው ሲባል ያሳዝናል። በላቲን የተጻፈ ስም ከፈለጋችሁ ደግሞ እናንተ አትገምቱ፣ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ራሱ ይጻፈው።

ፍለጋን ፊደል ለፊደል ማመሳሰል

ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ኀይሌ። ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለዳታቤዝ ሦስት። ፀሐይም እንዲሁ፣ ጸሀይ ብሎ የጻፈ ምንም አያገኝም። ስለዚህ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ አዘጋጁና ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወደ አንድ፣ ሰና ሠ ወደ አንድ፣ አና ዐ ወደ አንድ፣ ጸና ፀ ወደ አንድ እንዲመጡ አድርጉ፤ እነ ሃና ኃንም አትርሱ። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ቃልም በዚያው መንገድ አልፋችሁ ፈልጉ። ገ/መድህን የፈለገ ገብረመድኅንንም ማግኘት አለበት።

ሁለት ጥንቃቄ። የሰውየውን የተጻፈ ስም አትንኩ፣ እሱ እንዳለ ይቀመጥ። ትግርኛ ላይ ደግሞ ይሄን ደንብ እንዳለ አትጫኑ፤ እዚያ ሀና ሐ፣ አና ዐ በድምፅም ይለያያሉ። ሥርዓተ ነጥብም አለ፦ ሰው አራት ነጥብን አንዳንዴ በትክክለኛው ምልክት፣ አንዳንዴ ሁለት ነጥብ ደጋግሞ ይጽፋል። ዓረፍተ ነገር የምትቆርጡ ከሆነ ሁለቱንም ያዙ።

ሁሉንም ተጠቃሚ ወንድ ማድረግ

«ተመዝገብ»፣ «ግባ»፣ «ፎቶህን ጫን»። ስልኩን የያዘችው ሴት ናት። እንግሊዝኛው ጾታ ስለማይለይ ተርጓሚው አንተ ብሎ ወሰነ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ደግሞ «ሄለን መልእክት ላከ» የሚል ኖቲፊኬሽን ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር አፑ በግዴለሽነት እንደተሠራ ወዲያው ያሳብቃል።

መውጫው ብዙ ነው። ለባንክና ለጤና «ይመዝገቡ» ማለት ያስኬዳል፣ አክብሮትም አለው። ለወጣት የሚሆን ጌም ላይ ግን እርስዎ ማለት ይከብዳል፤ እዚያ «ጀምሩ» ይሻላል። ቁልፎች ላይ ደግሞ ትእዛዙን ትታችሁ «ምዝገባ»፣ «መግቢያ»፣ «ፎቶ መጫኛ» ካላችሁ ጾታ የሚባል ጉዳይ አይነሳም። ኖቲፊኬሽኑን «ከሄለን የመጣ መልእክት» አድርጉት። ቁርጥራጭ ቃላትን በኮድ ከመገጣጠም ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ለተርጓሚ ስጡት፣ ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ በእንግሊዝኛው ቅደም ተከተል የተገጣጠመ ነገር መቼም አማርኛ አይሆንም።

የአማርኛ ኤስኤምኤስን ዋጋ አለማስላት

በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ 160 ምልክት ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ተቆራርጦ ይላካል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል። ስለዚህ 140 ምልክት ያለው የአማርኛ መልእክት እንደ ሦስት ይቆጠራል። ብዙ ድርጅቶች ሂሳቡ ሲመጣ ደንግጠው ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳሉ፣ እንግሊዝኛ የማያነበው ደንበኛም ይቀራል። የሚሻለው አማርኛውን ማሳጠር ነው። የእኛ ፊደል ቃሉን በጥቂት ምልክት ስለሚጽፍ በ70 ውስጥ ብዙ ነገር ማለት ይቻላል፣ «ውድ ደንበኛችን» የሚለውን ካወጣችሁ።

ትንንሾቹ

09 ብቻ የሚቀበል የስልክ ሳጥን አሁንም አለ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ 07ም አለ። ፖስታ ኮድ ግዴታ አታድርጉ፣ ሰው ዝም ብሎ ዜሮ ነው የሚደረድርበት። አድራሻ ላይ «ምልክት» የሚል ሳጥን ጨምሩ፤ ዕቃ አድራሹ ቤቱን የሚያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከፋርማሲው አጠገብ ተብሎ ነው። ዳታቤዙ ጽሑፍን የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ ስምንት በሚባለው፣ የግዕዝ ፊደልንም በሚይዘው መንገድ ካልሆነ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆናል። የፒዲኤፍ ደረሰኝ ስታወጡ ፎንቱን አብራችሁ ክተቱ፣ አለዚያ ባዶ ሳጥን ነው የሚታተመው።

ጌም ለምትሠሩም ይኸው ነው። ዩኒቲ የሚባለው የጌም መሥሪያ ላይ ያለው መደበኛ ፎንት የግዕዝ ፊደላትን አልያዘም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት አስገብታችሁ ፊደላቱን ራሳችሁ ማዘጋጀት አለባችሁ፣ ከ300 በላይ ናቸው። የመስመሩንም ከፍታ ጨምሩ፤ ለላቲን በተለካ መስመር ላይ ፊደላችን ጫፉ ይቆረጣል።

ኔትወርክ አይቋረጥም ብሎ ማሰብ

ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ፣ በአዲስ ስልክ የተሞከረ አፕ አልተሞከረም። ርካሽ ቴክኖ ወይም አይቴል ስልክ ግዙ። ዳታ እያበራችሁና እያጠፋችሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ሞክሩት። ረጅም ፎርም ሞልቶ ሲጨርስ ኔትወርክ የጠፋበት ሰው የጻፈውን ሁሉ እንዳያጣ ስልኩ ላይ አስቀምጡለት።

ብር ያለበት ቦታ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሰው የክፍያውን ቁልፍ ይጫናል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል፣ ስክሪኑ ይሽከረከራል፣ መልስ የለም። ምን ያደርጋል? ደግሞ ይጫናል። ብሩ ሁለቴ ይቆረጥበታል። ወይም ብሩ ተቆርጦ ትኬቱ የለም፣ ከዚያ የደንበኞች አገልግሎት ወረፋ ነው። ይሄ ለብዙ ሰው የሳምንት አስቤዛ ነው፣ እንደ ትንሽ ስህተት የሚታለፍ አይደለም። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ተጠቃሚው ክፍያውን ሲጀምር አፑ ለዚያ ክፍያ አንድ መለያ ቁጥር ያውጣ፣ ድጋሚ ሲጫንም ያንኑ ቁጥር ይላክ፣ ሰርቨሩ ያን ቁጥር አስቀድሞ ካየው ሁለተኛ አይቁረጥ። መልስ እስኪመጣ ቁልፉን ዝጉት። ስክሪኑ ላይ «ክፍያዎ በመጣራት ላይ ነው፣ ድጋሚ አይክፈሉ» ብላችሁ ቁጥሩን ኮፒ በሚደረግ መልክ አስቀምጡ። ኔትወርኩ ሲመለስ አፑ ራሱ ሰርቨሩን ጠይቆ ውጤቱን ያምጣ፤ ኢንተርኔት ለሌለው ደግሞ ያው ውጤት በኤስኤምኤስ ይድረሰው፣ በ70 ምልክት፣ ከጠዋቱ ወይም ከምሽቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደተከፈለ ጭምር።