«ውሻውን ያዙት!» ሳይባል እንግዳ ማስገባት

ዘመድ አዝማድ እኛ ቤት ሲመጣ ከሰላምታ በፊት የሚሰማው «ውሻውን ያዙት!» ነው። እኛም ከውስጥ «አይነካም፣ ግቡ!» እንላለን። እውነት ነው፣ ቦቢ አይናከስም። ግን ደስ ሲለው ሰው ላይ ይንጠላጠላል። ለበዓል ነጭ ነጠላ ለብሳ ለመጣች አክስት ደግሞ ጭቃ የረገጠ እግር ከንክሻ አይተናነስም።

ለፋሲካ ጨዋ ውሻ የሚፈልግ ሰው በሁዳዴ ይጀምር። 55 ቀን ነው፣ እንግዳም አይበዛም። ችግሩ ውሻ አይጾምም። ለሽልማት ከተቀቀለ ሳንባ የሚበልጥ አላገኘሁም፣ ሽታው ግን ሰፈር ያዳርሳል። ጎረቤት «እነ እንትና ገደፉ» ብሎ ከማማቱ በፊት ንገሩት። የሰፈራችሁ ልኳንዳ በጾም የሚዘጋ ከሆነም ቀድማችሁ ገዝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። በራሱ ድስት፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርት ቀቅሉና በጥፍር ልክ ቆራርጡት።

ብዙዎቻችን ውሻ ቀን አስረን ማታ እንፈታለን። ቀኑን ሙሉ ሰንሰለት ላይ የዋለ ውሻ ሰው ባየ ቁጥር ሮጦ ሰንሰለቱ ይመልሰዋል። በዚያ ላይ ጉልበቱ አልወጣለትም። እንግዳ በሚመጣበት ቀን ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል አዙሩት። ግማሹ ጣጣ እዚያው ያልቃል።

ዋናው ሥራ ያለው የግቢው በር ላይ ነው። ለቦቢ ቆርቆሮው ተንኳኳ ማለት ሩጫ ማለት ነው። ስለዚህ በሩ በባዶ ይንኳኳ። አንድ ልጅ ውጭ ቆሞ በቀስታ ያንኳኳል። ማንም አይነሳም፣ ማንም አይገባም። ውሻው ጮኾ ጮኾ ዝም ያለባት ቅጽበት ላይ አንድ ቁራጭ ሳንባ። ዝምታው ሲለመድ ማንኳኳቱ ይጠንክር። በመሃል «ዝም በል!» እያላችሁ አትጩኹበት። አጃቢ ያገኘ ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ ጆንያ። ከበሩ ራቅ ያለ፣ ግን በሩ የሚታይበት ጥግ ላይ አንጥፉለት። ሳንባውን ጆንያው ላይ ጣሉ፣ ይሄዳል። መሄዱን ሲለምድ «ቦታህ!» በሉት። እዚያ የሚቆይበትን ጊዜ ቀስ በቀስ አርዝሙ። ከዚያ እሱ ጆንያው ላይ እያለ በሩ ይንኳኳ፣ ይከፈት፣ ሰው ይግባ። ከተነሳ የገባው ሰው ተመልሶ ይወጣል፣ በሩም ይዘጋል። ቁጣ አያስፈልግም። ቃሉ ግን አንድ ይሁን። ዘበኛው «ሂድ ከዚህ!»፣ ልጆቹ «ና ቦቢ!» የሚሉ ከሆነ በከንቱ ነው የምትለፉት።

ከውሻው ይልቅ ያስቸገረኝ እንግዳው ነው። ሲዘልበት «አንተ ጎረምሳ!» ብሎ የሚያቅፈው አጎት ሁሉንም ያፈርሰዋል። እሱን ቀድማችሁ በስልክ አስጠንቅቁት። ሲዘል ጀርባ መስጠት፣ አለማየት፣ አለማናገር። አራቱም እግሩ መሬት ሲረግጥ ሰላም ይበለው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የኛ አገር ውሻ ድንጋይ ያውቃል። ሰው ጎንበስ ካለ ለእሱ ድንጋይ ሊያነሳ ነው። አክስቴ ፌስታሏን መሬት ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል የቦቢ ጆሮ ወደ ኋላ ይተኛል፣ አፍንጫውን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ይሄ ጭንቀት ነው። ከዚያ ወይ ይሸሻል ወይ ይጮኻል። ልምምዱ ቀላል ነው። ከእሱ ራቅ ብላችሁ ጎንበስ በሉና መሬት ላይ ሳንባ አስቀምጣችሁ ቀና በሉ። ደጋግሙት። ኋላ ላይ ሰው ጎንበስ ሲል ጭራውን መቁላት ይጀምራል።

የበዓሉ ቀን ሌላ ነው። በጉ ሲታረድ፣ ደም ሲሸት፣ የትኛውም ሥልጠና ብዙ አይቆምም። እርዱ ሳይጀመር አብሉትና ጓሮ አግቡት። የዶሮ ወጥ አጥንት የሚወረውር ልጅ አይጠፋምና ተቆጣጠሩ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል፣ የወጡ ሽንኩርትም ለውሻ መርዝ ነው። ግቢው ሲረጋጋ፣ ቡና ሲፈላ፣ አውጡትና ወደ ጆንያው ላኩት። እየበላ ሳለ ሕፃን አይጠጋው።

የሚፈራ ሰው ካለ «አይነካም» እያላችሁ አትከራከሩት። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ ውዱእ ያደረገ ጎረቤትም የውሻ አፍ እንዲነካው አይፈልግም። ለእነሱ ሲባል ጓሮ ይቆይ፣ አይሞትም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደስ፣ ወረቀቱም ቅርብ ይቀመጥ። ድንገት ሰው ከነከሰ፣ ጭረትም ቢሆን፣ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ እጠቡና ሰውየውን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።