ለተረከዝ ሕመም መርፌ፦ ከመወጋትዎ በፊት፣ ሲወጉና ከተወጉ በኋላ

ጠዋት ከአልጋ ወርደው መሬት ሲረግጡ ተረከዝዎን ክፉኛ የሚያምዎት፣ ጥቂት ሲራመዱ ደግሞ ለቀቅ የሚያደርግዎት ከሆነ፣ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ፕላንታር ፋሻይተስ ነው። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ ወደ ጣቶች የሚዘረጋው ወፍራም ጅማት መነሻው ላይ ሲጎዳ ይከሰታል። ራጅ ላይ የሚታየው የአጥንት እሾህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ምንም በማያማቸው ሰዎችም ላይ ስለሚገኝ እሱን ብቻ አይቶ ለመርፌ መቸኮል ልክ አይደለም።

መርፌ የሚታሰበው ባትንና ውስጥ እግርን ማሳሳብ፣ ተረከዙ ለስላሳ የሆነ ጫማ ማድረግና ሩጫን መቀነስ ለጥቂት ወራት በአግባቡ ተሞክሮ ካልረዳ ነው። ከዚያም በፊት ሐኪሙ ተረከዝዎን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ማየት አለበት፤ ሲጨመቅ በጣም ካመመ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የመደንዘዝና የማቃጠል ስሜት ካለ ነርቭ መነካቱ ይጠረጠራል። በአልትራሳውንድ ጅማቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ወፍሮ ከታየ ግን ሕመሙ ፕላንታር ፋሻይተስ ስለመሆኑ ማስረጃው ይጠናከራል። የስኳር ሕመም ካለብዎት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ወይም እግርዎ ላይ ቁስል ካለ አስቀድመው ይናገሩ።

በብዛት የሚሰጠው ስቴሮይድ የተባለው ብግነትን የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ከማደንዘዣ ጋር ተቀላቅሎ በጥቂት ሚሊ ሊትር ይወጋል። መርፌው የሚገባበት ቦታ ትልቅ ጉዳይ ነው። የተለመደው መግቢያ በተረከዙ የውስጥ ጎን በኩል ነው፤ ከታች በመርገጫው በኩል ሲወጋ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ በጣም ያማል፣ መድኃኒቱም ተረከዙን እንደ ትራስ በሚደግፈው ስብ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስቴሮይድ ይህን ስብ ሊያሳሳው ይችላል፤ አንዴ ከሳሳ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ጅማቱም ራሱ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ በአልትራሳውንድ እየታየ እንዲወጋልዎ ይጠይቁ፤ በተቀራረበ ጊዜ መደጋገምንም አይቀበሉ። እፎይታው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሦስት ወር ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ሕመሙ ሊብስ ይችላል። የስኳር ሕመም ካለብዎት የደም ስኳርዎ ለቀናት ከፍ ሊል ስለሚችል ቶሎ ቶሎ ይለኩ።

ፒአርፒ የሚባለው ደግሞ ከራስዎ ክንድ ደም ተቀድቶ፣ በማሽን ተሽከርክሮ፣ በፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ በሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) የበለጸገው ክፍል ብቻ ተለይቶ የሚወጋበት ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማስታገሻው ነው፦ አይቡፕሮፈንና ዳይክሎፌናክ የፕሌትሌትን ሥራ ስለሚያደናቅፉ ከመርፌው በፊትና በኋላ ለምን ያህል ጊዜ መተው እንዳለብዎት ይጠይቁ። ለልብ ወይም ለስትሮክ የታዘዘ አስፕሪን ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥም። ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ በሁለተኛው ሳምንት አልሠራም ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

ደረቅ መርፌ ምንም መድኃኒት የለውም። ሠልጥኖ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት ቀጭን መርፌ በባትና በውስጥ እግር ጡንቻዎች የታመሙ ነጥቦች ላይ ይተክላል፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ለጥቂት ሳምንታት ይደገማል። መርፌው አዲስና ከነማሸጊያው ፊትዎ የተከፈተ ይሁን። ለአንድ ሁለት ቀን መታመምና ትንሽ መበለዝ የተለመደ ነው።

ከስቴሮይድ በኋላ ሕመሙ ሲጠፋ ወዲያው ወደ ሩጫ መመለስ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ጅማቱ ገና አልዳነም፣ ሕመሙ ብቻ ነው የተሸፈነው። ለሁለት ሳምንት ያህል አይሩጡ፣ አይዝለሉ። ሐኪምዎ ሲፈቅድ ማሳሳቡን ይቀጥሉ፦ እግርዎን ጉልበትዎ ላይ አጣምረው፣ ጣቶችዎን ወደ ቅልጥምዎ ስበው 10 ሰከንድ ይያዙ፤ 10 ጊዜ ይድገሙት፣ በቀን ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ዙር ጠዋት መሬት ከመርገጥዎ በፊት ይሁን።

ድንገት «ቋ» ብሎ ውስጥ እግርዎ ከበለዘ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መቅላት፣ መጋል ወይም ትኩሳት የኢንፌክሽን ምልክት ስለሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ሁለት ጊዜ ተወግተው ምንም ካልተሻለዎት ደግሞ ሦስተኛ መርፌ ከመጠየቅዎ በፊት ምርመራው ከመነሻው እንደገና ይታይ።