ባንዲራ ላይ ከወታደር አጎትህ ጋር ሳትጣላ ለማውራት

አጎቴ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አኩርፈውኝ ነበር። ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ፍኖተ ሰላም አካባቢ እሳቸው ቤት ቡና እየጠጣን ነው፤ ቴሌቪዥኑ የሆነ አገር ሰልፈኞች ባንዲራ ሲያቃጥሉ ያሳያል፤ እኔ ደግሞ ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁ ነኝና አፌ አላርፍ ብሎ «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ጨርቅ አይደል እንዴ?» አልኩ። ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ወጡ። ገና ሁለተኛው ነበር የተቀዳው። በረካውን ሳይጠጣ የሚወጣ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለህ።

ታርቀናል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰልፍም ስለ ተቃውሞም ስለ ባንዲራም ብዙ አውርተናል፤ አሁን እንዲያውም ወሬውን የሚጀምሩት ራሳቸው ናቸው። እንዴት እዚህ እንደደረስን ልንገርህ። ቤትህ ውስጥ የድሮ ወታደር ካለ (ጎጃም ውስጥ የሌለበት ዘመድ ማግኘት ይከብዳል) ይጠቅምህ ይሆናል።

መጀመሪያ «ጨርቅ» የምትለዋን ቃል ተዋት። ክርክርህ ልክ ሊሆን ይችላል። ቃሏ ግን በአገራችን ፖለቲካ ስንት ጠብ ያነሣች ናት፤ እሷን ከሰሙ በኋላ ሌላ የምትለውን አይሰሙህም። «የደርግ ወታደር» የሚለውንም እንደዚሁ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ስድብ የተለጠፈባቸው ስም ነው፤ እነሱ ያገለገሉት የኢትዮጵያን ሠራዊት ነው፣ በቃ። ማዕረግ ካላቸው በማዕረጋቸው ጥራቸው። አጎቴ መለዮ ካወለቁ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኗቸው ገበያ ላይ ዛሬም «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚባሉት፣ ሚስታቸው ሳይቀሩ። አንቱታውንም አትርሳ። ከተማ ስትኖር ትለቀዋለህ፣ እዚህ ግን ገና አፍህን ስትከፍት የሚታይብህ እሱ ነው።

ቦታና ሰዓት ምረጥ። ለቅሶ ቤት አይሆንም፣ ማኅበር ላይም አይሆንም፤ ሰው በተሰበሰበበት ያነሣኸው ነገር ወዲያው የክብር ጉዳይ ይሆንና አሸናፊ ይፈልጋል። አረቄ ካለ ጭራሽ አታንሣው። የሚሻለው እጅ ሥራ ሲይዝ ነው። እኔ የታረቅሁት ጤፍ አጨዳ ላይ ነው፦ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለህ ስታጭድ ፊት ለፊት አትተያይም፣ ዝምታውም አያስጨንቅም፣ ደግሞ የማጭድ አያያዜን አይተው ሲስቁ የኩርፊያው ግማሽ እዚያው ረገፈ።

ከዚያ የትኛው ሠራዊት ውስጥ እንደነበሩ እወቅ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በንጉሡ ጊዜ የነበረው ባንዲራ አንበሳ ነበረው። በ1980 በደርግ ጊዜ ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲመሠረት ሌላ አርማ መጣ። የአሁኑ ኮከብ ደግሞ ከ1988 ወዲህ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ መሐሉ ላይ አርማ ይኖራል ይላል። አጎቴ ከረን ግንባር የነበሩ ናቸው፤ ለሳቸው ባንዲራ ማለት ልሙጡ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። የአክስቴ ልጅ በ1991 ባድመ የዘመተ ነው። እሱ ጓደኛውን የቀበረው ኮከብ ባለበት ባንዲራ ሥር ነው። ሁለቱም ወታደር፣ ሁለቱም ዘመዶቼ፣ ሁለቱም ደማቸውን ያፈሰሱ። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ዳሱ በልሙጡ አጊጦ ኖሮ የአክስቴ ልጅ «ይሄ ሕጋዊ አይደለም» አለ፤ አጎቴ ደግሞ «ሕግ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አሉ። ሙሽሮቹን ያስታወሳቸው አልነበረም። ስለዚህ «ወታደሮች ስለ ባንዲራ እንዲህ ነው የሚያስቡት» የሚልህ ሰው ካለ ሁለት ወታደር አንድ ዳስ ውስጥ አላየም ማለት ነው።

አሁን ወደ ወሬው። አስተያየት አትጠይቅ፣ ቦታ ጠይቅ። «ባንዲራ ስለማቃጠል ምን ይላሉ?» ካልክ የሚመጣው መልስ ሬዲዮ ላይ የሰማኸው ዓይነት ነው። «ያኔ የት ነበሩ? አብሯችሁ የነበረው ማን ነበር?» በልና ዝም በል። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። እኔ ይህን ስጠይቅ አጎቴ አንድ ሙሉ ነዶ አስረው እስኪጨርሱ አልመለሱልኝም። ከዚያ ስለ አንድ የደጀን ልጅ ነገሩኝ። ምሽግ ውስጥ ጎናቸው ነበር። ሌሊት ነው የቀበሩት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እግሩ ከብርድ ልብሱ እየወጣ አስቸግሯቸው። «ባንዲራ ቢኖረን አልብሰነው ነበር፤ አልነበረንም» አሉ። ይኸው ነው ያሉት። እኔ ጨርቅ ነው ስል ለካ እሳቸው ያቺን ያልነበረችውን ጨርቅ ነው የሰሙት።

ጆሮህን ብቻ ሳይሆን ዓይንህንም ተጠቀም። ጠዋት ከአህያቸው ጋር ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ነው የሚያልፉት። ልጆቹ ባንዲራ ሲሰቅሉ ካጋጠማቸው እንደ ድሮው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። መዝሙሩ የአሁኑ ነው፣ ባንዲራው ኮከብ ያለበት ነው፣ እሳቸው የማይወዱት። ግን ይቆማሉ። አህያዋ አትቆምም፤ እህሉን ተሸክማ መንገዷን ትቀጥላለች፣ መዝሙሩ ሲያልቅ አጎቴ እየሮጡ ይደርሱባታል። ስለዚህ ነገር ጠይቄያቸው «ልጆቹ እኮ እያዩኝ ነው» ብቻ አሉኝ።

ዋናው ይሄ ነው፦ ባንዲራ ላይ የሚነሣ ጠብ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሦስት ጥያቄ ተቀላቅሎበት ነው። ይህን ስታይ ያምሃል ወይ? ያደረገው ሰው ይታሰር ወይ? አንተስ ታደርገዋለህ ወይ? አንዱን ጠይቀህ የሌላውን መልስ ትሰማለህ፣ ከዚያ መጯጯህ ነው። አንድ በአንድ ጠይቅ፤ ቢቻል በተለያየ ቀን። የመጀመሪያውን ስጠይቃቸው «ያመኛል» አሉ፣ ሳይቆዩ። ሁለተኛውን ስጠይቅ ግን ዝም አሉ፤ በማግስቱ ነው ራሳቸው ያነሡት። «ስላመመኝ ሰው ይታሰር አልልም። እስር ቤትን አውቀዋለሁ። ቤቴ ግን አላስገባውም።» ይህን መልስ ከአንድ የቀድሞ ወታደር እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፣ የኔ ጥፋት።

ጎጃሜ ከሆነ ደግሞ ሩቅ አገር ሳትሄድ የምትጠቅሰው አለህ። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቅለው በጎጃም አልፈው ነው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ የገቡት፤ ይህን አገር ለጣልያን አልለቅም ብሎ የያዘው በላይ ዘለቀና ሌሎቹ አርበኞች ናቸው። ያው በላይ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ያው ባንዲራ እየተውለበለበ። በ1960 ደግሞ ጎጃም የእርሻ ገቢ ግብሩን አልከፍልም ብሎ ሲነሣ የአጎቴ አባት ከተነሡት ጋር ነበሩ። ይህን ሳነሣ ፈገግ ብለው «መንግሥትና ባንዲራ አንድ ሆነው አያውቁም» አሉ። እኔ ስንት ወር ልላቸው የፈለግሁትን ነገር እሳቸው በአምስት ቃል ጨረሱት፤ አንተም ብትሆን እንዲህ ያለውን ነገር እነሱ እንዲሉት ተው እንጂ አትሽቀዳደም።

የውጭ ምሳሌ ከፈለግህ አሜሪካ ጥሩ ናት፣ ምክንያቱም እዚያም ወታደሮቹ ራሳቸው አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1984 ዳላስ ከተማ አንድ ሰው ተቃውሞ ላይ ባንዲራ አቃጥሎ ተፈረደበት፤ በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ይህም ሐሳብን መግለጽ ነው፣ አያስቀጣም አለ። አሜሪካን ሌጅዮን የሚባለው ትልቁ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ይህ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲቀየር ለዓመታት ታገለ። በ2006 ሴኔቱ ላይ ቀርቦ 66 ለ34 ሆነ፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበርና በአንድ ድምፅ ወደቀ። አልደግፍም ካሉት አንዱ ዳንኤል ኢኖዌ ነበሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣልያን ውስጥ ቀኝ እጃቸውን ያጡ ሰው። ባንዲራ ሲዋረድ ያስከፋኛል፣ የተቃዋሚውን መብት መጠበቅ ግን እንደ ወታደርም ግዴታዬ ነው የሚል ነበር አቋማቸው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የትኛው እጁ?»

የካፐርኒክን ታሪክ ግን ስትነግር ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን በደል በመቃወም መዝሙር ሲዘመር ቁጭ አለ፤ ኔት ቦየር የሚባል የቀድሞ የልዩ ኃይል ወታደር አግኝቶት፣ ከመቀመጥ መንበርከክ ይሻላል፣ እኛም ጓዶቻችን መቃብር ላይ እንንበረከካለን ብሎ መከረው። ቆንጆ ታሪክ ነው ብዬ ነገርኳቸው። አጎቴ «ተንበረከከ? ማን ቀጥቶት ነው?» አሉኝ። እኛ ዘንድ መንበርከክ ትምህርት ቤትም ካምፕም ቅጣት ነው! ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳብራራ ቆየሁ። በኋላ ግን የወታደሩ ነገር ገባቸው፣ «አልሰደበውም፣ ሄዶ አናገረው ማለት ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቦየርን ወደዱት። ተጫዋቹን ገና ናቸው።

ሕጉን ደግሞ እወቅ፣ ምክንያቱም የድሮ ወታደር ደንብ ሳያውቅ የሚከራከር ሰው አይወድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ፣ አንቀጽ 30 ደግሞ የሰልፍ መብት ይሰጣል። ሰልፍ የሚጠራ ሰው በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የሰንደቅ ዓላማ አዋጁ 654/2001 ነው፤ አርማ የሌለውን መጠቀም ይከለክላል። ባንዲራን ሆን ብሎ በአደባባይ ማቃጠል ወይም ማዋረድ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 244 ያስቀጣል። ማለትም የአሜሪካውን ፍርድ እየጠቀስክ እዚህ አትሞክረው። ሌላም ልጨምር፦ ሲያወሩ ስልክ አታውጣ፣ አትቅረጽ፣ ቲክቶክ ላይ አትልቀቅ። ጊዜው አይደለም፤ ደግሞ የሰው ልጅ ሐዘን የአንተ ቪዲዮ አይደለም።

ከተጣላችሁ በኋላ ከሆነ የምታነበው፣ ሽማግሌ አትላክ። የባንዲራ ኩርፊያ በሽማግሌ ሲታይ ትልቅ ይሆናል። ሥራ ሲበዛባቸው ሄደህ አግዝ፣ ይቅርታውን አሳጥረው፣ «ያኔ ያልኩት ነገር ልክ አልነበረም» በቂ ነው። ሐሳብህን ሁሉ መዋጥ አይጠበቅብህም። እኔ አሁንም ሰው ባንዲራ በማቃጠሉ መታሰር የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ባለፈው ሦስተኛውን ጥያቄ ገልብጬ በራሴ ላይ ጠየቅኋቸው። «እኔ ሰልፍ ብወጣስ?»

«ምን ብለህ?»

«በማዳበሪያው ነገር።»

«ለማዳበሪያማ እኔም እወጣለሁ። ባንዲራውን ግን የምይዘው እኔ ነኝ።»

«የትኛውን?» አልኳቸው።

ሳቁና ስኒውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «በረካህን ጠጣ» አሉኝ።