ሰው በሦስት ቀን አይጃጅም፦ ድሬ ላይ አረጋውያንን ስናስታምም የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ግንቦት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ወደ አንድ ቤት ተጠራሁ። እማማ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ልጃቸውን በሞተች እህታቸው ስም ይጠሯታል። «እማዬ ጃጀች» አለችኝ ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች። መቼ እንደጀመራቸው ጠየቅኳት። «ከሰኞ ወዲህ» አለች። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ሰው በሦስት ቀን አይጃጅም። ቢፈቀድልኝ ይሄን በየቤቱ ግድግዳ ላይ እጽፈው ነበር።

ቀጥዬ በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጡ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ሌሊት አምስቴ ስድስቴ ሽንት ቤት ውሰጂኝ ስትለኝ ውሃውን ቀነስኩባት» አለችኝ።

ነርስ ነኝ። ድሬ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞርኩ አረጋውያንን ማስታመም ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይሄን ታሪክ ሰዉና ሰፈሩ እየተቀያየረ ስንቴ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። የምጽፈው ያችን ልጅ ለመውቀስ አይደለም። ሌሊት ስድስት ጊዜ የምትነሣው እሷ ናት። ሌላ የምታስታምም ልጅ ግን ሳይደርስባት በፊት እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

ውሃ አትቀንሱባቸው

ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል። ሰውነት ውሃ ጎድሎት እንኳ አፍ «ጠማኝ» አይልም። ኩላሊትም እንደ ድሮው ውሃ ቆጥቦ መያዝ ያቅተዋል። በዚህ ላይ ያለነው ድሬ ነው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነች፣ እኛ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከሐረር የወረደ ሰው ልዩነቱን በፊቱ ያውቀዋል። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ሳይታይ ይተናል። «አላላባቸውም» ስትሉኝ ውሃው አልወጣም ማለት አይደለም።

ብዙ የግፊት ታካሚዎች ደግሞ የሚያሸና ኪኒን ይወስዳሉ። ኪኒኑ ውሃ ያስወጣል፣ እኛ ውሃ እንከለክላለን። ከዚያ ሽንቱ ይጠቁራል። የጠቆረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ስለዚህ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይመጣል። የሽንት ኢንፌክሽን ይከተላል። ሆድ ይደርቃል። ከአልጋ ሲነሱ ግፊታቸው ይወርድና ይወድቃሉ። መጨረሻ ላይ መዘባረቅ ይመጣል። ለእንቅልፍ ብለን የከለከልነው ውሃ ጭራሽ እንቅልፍ ያሳጣናል።

ውሃውን አትንኩ፣ ሰዓቱን አዙሩት። ጠዋት ሦስት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልታችሁ እጃቸው የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። አመሻሽ 11 ሰዓት ሳይሆን ይለቅ። ከእራት በኋላ መድኃኒት የምታወርድ ጉንጭ ትበቃለች። ውሃ እምቢ ካሉ ሻይም፣ ሆጃም፣ ሾርባም፣ ሐብሐብም ይቆጠራል። የሚያሸናውን ኪኒን፣ ሐኪሙ ሌላ ሰዓት ካላዘዘ፣ ጠዋት ስጡ። ፖፖ ከአልጋው ሥር ይኑር። ግቢ ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት በጨለማ ሲወጡ ዳሌያቸው የተሰበረ ስንት እናቶች አይቻለሁ። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ግን የውሃውን ልክ ሐኪም ይወስን፤ እነሱን ብዙ ውሃም ይጎዳቸዋል።

ድንገት መዘባረቅ የጀመረ አረጋዊን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የውሃ ማነስ፣ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ የስኳር መውረድ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ። ሁሉም ደግሞ መፍትሔ አላቸው። የሳቢያኗ እማማ ግሉኮስ ተተከለላቸው፣ ኢንፌክሽኑም ታከመ። በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን በስሟ ጠርተው ቡና ለምን እንዳልተፈላ ጠየቁ።

በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ መርሳት ሌላ ነገር ነው። ለእሱ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ አትከራከሯቸው። የሞቱትን ባለቤታቸውን «የት ሄዱ?» ካሉ በየቀኑ አዲስ መርዶ አትንገሯቸው። «እስቲ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ» በሏቸው።

እጃቸውን ይዛችሁ አትሳቡ

ይሄን እኔም ሠርቼዋለሁ። አባቴን ስትሮክ መቶት ግራ ጎኑ ሲሰንፍ፣ እኔ ነርስ ከሆንኩ ሰባት ዓመት አልፎኝ ነበር። ከአልጋ ላስነሣው ቸኩዬ በሰነፈው እጁ ሳብኩት። ጡንቻው የላላ ትከሻ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ከቦታው ተንሸራተተ። አባቴ አልጮኸም። ፊቱን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረ። ያ ትከሻ እስኪሞት ድረስ ያመው ነበር። ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

እንዲህ አድርጉ። በጎናቸው አዙሯቸው። እግራቸውን ከአልጋው አውርዱ፣ ትከሻቸውን ከኋላ ደግፋችሁ አስቀምጧቸው። አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው ይቆዩ፣ ራስ ማዞሩ ይለፍ። ወገባቸው ላይ ጠንካራ መቀነት እሰሩና መቀነቱን ያዙ። ጎንበስ ብላችሁ በወገባችሁ አታንሱ፤ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ተነሡ። የአስታማሚ ወገብ አንዴ ከተጎዳ በቤቱ ሁለት በሽተኛ ሆነ ማለት ነው።

ቀይ ቦታ አይታሽም

ከአልጋ የማይነሣ ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መቀየር አለበት። ይሄን አብዛኛው ሰው ሰምቷል። ያልተሰማው ቀጥሎ ያለው ነው። መቀመጫ፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ ቀላ ወይም ጠቆር ያለ ቦታ ስታዩ በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ቀለሙ ካልተለወጠ ከቆዳው ሥር ጉዳት ጀምሯል። ጠይም ቆዳ ላይ ለውጡ ላይታይ ስለሚችል በእጃችሁ ዳሱት፤ ከጎኑ ካለው ቆዳ የሞቀ ወይም የጠጠረ ከሆነ ያው ነው። በቅባት አትሹት። መታሸት የተጎዳውን ሥጋ የባሰ ይጎዳዋል። ቀለበት የሚመስለውን ትራስም አታስቀምጡበት፣ ዙሪያውን ያለውን ደም ያግዳል። መድኃኒቱ ያንን ቦታ ጨርሶ አለመጫን ነው። ለተረከዝ ትራሱን ከባት ሥር አድርጉት፣ ተረከዙ አየር ላይ ይንጠልጠል።

ፍራሹ እንዳይበላሽ ብላችሁ የምታነጥፉት ላስቲክ ቆዳቸውን በቀጥታ እንዳይነካ። በድሬ ሙቀት ላስቲክ ላይ የሚተኛ ሰው በላብ ይበሰብሳል። ከላዩ ወፍራም የጥጥ አንሶላ ይኑር።

ቁስል ላይ የካፕሱል ዱቄት መነስነስ ደግሞ እባካችሁ ይቅር። አንድ ጊዜ ከዚራ ውስጥ የአንድ አባትን ቁስል ስከፍት ዱቄቱ እንደ ኖራ ጋግሯል። ከሥሩ አጥንት ሊታይ ምንም አልቀረውም ነበር። ልጆቹ ዱቄቱን እያዩ ቁስሉ እየደረቀ ነው ብለው አምነው ነበር።

ተጋድመው እያሉ አታጉርሷቸው

ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸው ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ይቆዩ። ውሃ በጠጡ ቁጥር የሚያስላቸው ከሆነ ለሐኪም ንገሩ።

መድኃኒት ላይ የማያቸው

የግፊት ኪኒን «ተሻለኝ» ተብሎ አይቆምም። የተሻለው ኪኒኑ ስላለ ነው።

ለቁርጥማት ተብሎ በየጊዜው የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ያስፈራኛል፣ ኪኒኑም መርፌውም። ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ኪኒንና የሚያሸና ኪኒን ከሚወስድ አረጋዊ ጋር ሲገናኝ፣ በዚያ ላይ ውሃ ሲያንስ፣ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። መድኃኒት ቤት ስትሄዱ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ። ስሙን በቃል ለማስታወስ አትሞክሩ።

ኢንሱሊን ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ግን በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ የሸክላ ማሰሮ አለላችሁ። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስገቡ፣ መሃሉን በአሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውሃ አርጥቡት። ኢንሱሊኑን ውሃ በማይገባበት ነገር ጠቅልላችሁ በትንሹ ማሰሮ አስቀምጡና እርጥብ ጨርቅ ክደኑበት። የድሬ ደረቅ አየር ውሃውን ቶሎ ስለሚያተነው ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ማሰሮው ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይሁን።

ጾምን በሚመለከት ከሽማግሌ ጋር አትጨቃጨቁ፣ አትረቱም። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ አረጋዊ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መጋላ ውስጥ አንድ ሐጂ በረመዳን ሁለት ጊዜ ወደቁብኝ፣ እኔንም ልጆቻቸውንም አልሰማ አሉ። የመስጂዳቸውን ሼህ ቤት ጠራናቸው። ሼሁ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ቁርኣን በሽተኛን ከጾም እንደሚያሳርፍ፣ በምትኩ ምስኪን ማብላት እንደሚቻል አስረዷቸው። ሐጂ ያን ዕለት በሉ። ክርስቲያን ከሆኑም የንስሐ አባታቸውን ጥሩ።

ቀን የተኛንም ትንኝ ይነክሳል

አጎበር ማታ ብቻ የሚዘረጋ ይመስለናል። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርስ፣ ከአልጋ የማይነሡ አረጋውያን ቤታቸው እንዳሉ ሲያዙ ነበር። ያንን በሽታም ዴንጊንም የምታመጣው ትንኝ የምትነክሰው ቀን ነው። የምትራባውም በርሜልና ባልዲ ውስጥ ባጠራቀምነው ንጹሕ ውሃ ነው። በርሜሉን ክደኑ። ቀን ለሚተኙ ቀንም አጎበር ዘርጉ። ትኩሳት ከያዛቸው ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አትስጡ፤ ዴንጊ ከሆነ ያደማል።

የሚችሉትን አትቀሟቸው

ለገሃሬ አካባቢ አንድ የባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን በሰዓት የኖሩ፣ ቁጥር ሲቆጥሩ ፈረንሳይኛ የሚቀናቸው አባት። ከታመሙ በኋላ ልጆቻቸው በፍቅር ሁሉን ነገር ያዙላቸው። ያጎርሷቸዋል፣ ያለብሷቸዋል፣ ፂማቸውን ይላጫሉ። በሁለት ወር ውስጥ ዝም አሉ። እኔ ስደርስ ቀኝ እጃቸው ደህና ነበር። መስተዋት አቁሜ መላጫውን ሰጠኋቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው፣ አንድ ቦታም ቧጨራቸው። ሲጨርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብለው ጠየቁ።

ልጆቻቸው ያደረጉት የሚፈጥን ስለሆነ ነው። አዎ፣ እናንተ ስትሠሩት ይፈጥናል። ግን ያልተሠራበት እጅ ይሰንፋል፣ ሰውየውም አብሮ ይሰንፋል።

ሁሉን ነገር አንዷ ላይ መጣል

እስካሁን የጻፍኳቸውን ስህተቶች መለስ ብዬ ሳያቸው፣ ከአብዛኛዎቹ ጀርባ ያልተኛች አንዲት ሴት አለች። ውሃ የቀነሰችው ስላልተኛች ነው። ተጋድመው ያጎረሰችው ቀና የሚያደርግላት ሁለተኛ ሰው ስላልነበረ ነው። በየሁለት ሰዓቱ አዙሪ ስላት አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እኔም እንደማትችል አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣ ወር የሚዘልቅ ሰው የለም።

ወንድሞች ጂቡቲ ናቸው፣ አዲስ አበባ ናቸው፣ አረብ አገር ናቸው። ብር ይልካሉ፣ ይባረኩ። ግን ሲደውሉ «እማዬ እንዴት ናት?» ብለው ይዘጋሉ። «አንቺስ ተኛሽ ወይ?» የሚል አላጋጠመኝም ማለት ይቻላል። እንዲያውም አንዳንዱ በስልክ ይቆጣታል፣ «ለምን ከሳች?» ይላታል። ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እናንተ ከሩቅ ያላችሁ፣ «ምን ልላክ?» ከምትሉ አንድ ሥራ ውሰዱ። ልብስ የምታጥብ ሰው ቅጠሩና ክፈሉ። የሐኪም ቀጠሮውን እናንተ ተከታተሉ። በዓመት ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዳችሁ ኑና እሷ ትሂድ።

ሠራተኛ ቀጥራችሁ ከሆነም እንደዚሁ። ምግብ ማብሰልም፣ ልጅ መያዝም፣ ሌሊት በሽተኛ ማገላበጥም የአንድ ልጅ ደመወዝ ሥራ አይደለም።

ጎረቤትም አለን እኮ። ድሬ ላይ እድርም አፎቻም አለ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሰዉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። በሕይወት እያሉ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ይጠፋል። ከክፋት አይደለም፣ ማንም ስለማይጠይቅ ነው። አስታማሚዋም «ምን ይሉኛል» ብላ አትጠይቅም። ጠይቁ። «እንዴት ናቸው?» ላለቻችሁ ጎረቤት «ደህና ናቸው» ብላችሁ አትሸኟት፤ «ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ትቀመጪልኛለሽ?» በሏት። ቀኑና ሰዓቱ ተቆርጦ ሲነገራት እምቢ ያለች ጎረቤት ብዙ አላየሁም።

ተበሳጭታችሁ እናታችሁ ላይ ከጮኻችሁም ክፉ ልጅ ስለሆናችሁ አይደለም። ደክማችኋል። በሩን ዝጉና ግቢው ውስጥ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ንዴቱ እየተደጋገመ እጃችሁን ለማንሣት ካስቃጣችሁ ግን በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ንገሩ።

የሳቢያኗ ልጅ መጀመሪያ ጎረቤት መጠየቅ አፈረች። እኔው አብሬያት ሄድኩ። ከግድግዳው ማዶ ያሉት እናት «እስካሁን ምን ነካሽ!» ብለው ተቆጧት፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥተውም ተቀመጡ። በዚያ ሰዓት ብደውልላት ስልኳ ተዘግቷል። ሰኞ ሳገኛት የት እንደነበረች ጠየቅኳት።

«ተኝቼ ነበር» አለችኝ።